ከናዳው ሥር የመጣው ቃል

ሰናውላህ ባንዴ ፈሪ ሰው ነበሩ፤ ይህን ሲናገሩም አያፍሩበትም። በካሽሚሯ ከተማ ስሪናጋር ውስጥ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ካክ» ይላቸዋል፣ ታላቅ ወንድም እንደ ማለት። ውሻ ይፈራሉ፣ ድልድይ ይፈራሉ፤ ከሁሉ የሚብሰው ግን በሰው አገር የሚባለውን ሳይሰሙ መቆም ነበር። ሻል ሊሸጡ ቡታን መመላለስ ሲጀምሩ የአገሩን ቋንቋ ዞንግካን በሁለት ዓመት የተማሩት ከዚህ ፍርሃት የተነሳ ነው። «ሰዎቹ ሲስቁ በእኔ ይሁን በሌላ ካላወቅኩ እንቅልፍ አይወስደኝም» ይሉኝ ነበር።

እኔ የሰፈራቸው ልጅ ፈያዝ አብሬያቸው የወጣሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ናዳው በወረደበት መስከረም ነው። የጭነት መኪናው ገደሉን ሲታከክ፣ ፍርሃታቸውን ለማስታገስ ስለ ሁለቱ ቋንቋ ያወሩልኛል።

«የእኛ ካሽሚርኛ ግሡን አያቆይም» አሉ። «አንድ ነገር ከጠራን ወዲያው የሆነውን እንናገራለን። እነዚህ ግን እስከ መጨረሻው ይዘውት ይቆያሉ። አንዱ ‹ድብ፣ ትናንት፣ በርህ ላይ› ብሎ ሲጀምርልህ፣ ተኛ ይበል ሞተ ይበል እስኪጨርስ ነፍስህ ትወጣለች።»

«የሚያገናኛቸው ነገር የለም?»

«አንድ ድምፅ አለ። ት እና ስ በአንድ ትንፋሽ። እኛ ዳቦውን ትሶት እንላለን፣ እነሱ ሐይቁን ትሶ። እስቲ ሾፌራችንን ‹ትሶ› በል በለው።»

ሾፌሩ ሱባ ሞክሮ ምላሱን ነከሰ። እየሳቅን ነበር መኪናው የቆመው።

ከጌዱ ከተማ በታች ተራራው ተንዶ መንገዱን ዘግቶታል። ካክ በየጉዟቸው ጨው ያለበት ሻይ የሚጠጡባትን የኪንሌ ዛምን ቤት ናዳው እስከ ጣሪያዋ ውጧታል። ሱባ ወደ ፖሊስ ኬላው በእግሩ ሮጠ። እዚያ የቀረነው እኛ ሁለታችንና ስምንት የመንገድ ሠራተኞች ነን፤ ከህንድ ሜዳ አገር የመጡ፣ ሂንዲ እንጂ ዞንግካ የማያውቁ። አለቃቸው ቢርሳ ይባላል። ዝናቡ አላባራም። ከላይ ጠጠሩ ይንሿሿል፤ እሱ ዝም ሲል ደግሞ የባሰ ያስፈራል።

ከጣሪያው ሥር ድምፅ ተሰማ። የኪንሌ ዛም ነው፣ ግን ጉሮሮዋ በአፈር ተዘግቶ እንደ ነፋስ ሆኗል።

«ንጋ… ንጋ…»

«ምን ትላለች?» አለ ቢርሳ።

«‹እኔ፣ እኔ› ነው የምትለው» አሉ ካክ።

«እንግዲያው አንድ ሰው ናት። ጣሪያውን የደገፈውን ይሄን ግንድ በገመድ እንሳበው፤ በዚህ በኩል ይከፈትላታል፣ በዚያኛው በኩል ይደርመስ። ከዚያ ሁላችንም እንጥፋ።»

ገመዱን አሰሩ። ካክ ክንዴን ይዘው በካሽሚርኛ «ፈያዝ፣ አምስትም ንጋ ነው» አሉኝ። «ድምፁ ከፍ ካለ አምስት፣ ዝቅ ካለ እኔ። በኛ ‹እኔ› እና ‹አምስት› ጭራሽ አይገናኙም። ይቺ ደግሞ ድምፅ የላትም፤ ከፍታውንም ዝቅታውንም አልሰማሁት።»

በግ የሚያህል ድንጋይ አጠገባችን አልፎ ገደል ገባ። ሁለት ሠራተኞች ሸሹ። ካክ ግን በሆዳቸው ተኝተው ጭንቅላታቸውን ወደ ስንጥቁ ሰደዱ። በዞንግካ ጮኹ። ያሉትን በኋላ ነው የነገሩኝ፤ «ኪንሌ ዛም፣ ቁጥር ከሆነ ከአንድ ጀምረሽ ቁጠሪልኝ።»

ቢርሳ ገመዱን በእጁ ጠመጠመ። ከዚያ ድምፁ ከውስጥ መጣ።

«ቺ… ኚ… ሱም… ዢ… ንጋ።»

ቆመች። ካክ ጠበቁ። ሌላ ቃል አልተጨመረም።

«አምስት ናቸው» አሉ። «ገመዱን ልቀቁት።»

«ሽማግሌው፣ ከተሳሳቱስ? ሠራተኞቼን በአንድ ቃል ላስቀብር?»

«ከተሳሳትኩ አብሬያችሁ እዚሁ ነኝ» አሉ ካክ፤ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ።

ቢርሳ ገመዱን ጣለው። የሸሹትም ተመለሱ። ግንዱን ሳንነካ ከታች በአካፋና በእጃችን እስከ ቀትር ቆፈርን። ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች ወጡ፤ ቀጥላ የኪንሌ ዛም እህት፣ ከዚያ ራሷ፣ ነፍሷን ስታ። በመጨረሻ አማቷ ወጡ፤ እሳቸው ግን ትንፋሽ አልነበራቸውም። ጥቂት እንደራቅን ግንዱ በራሱ ጊዜ ተሰብሮ ጣሪያው መሬት ነካ። ፖሊሶቹ ሲደርሱ የተረፉትን ወደ ሆስፒታል ወሰዱ፤ እኛን ደግሞ «መንገዱ አደገኛ ነው» ብለው ወደ ድንበር መለሱን።

ከዚያ በኋላ ካክ ለንግድ ጉዞ አልወጡም። ዝናብ ጣሪያውን ሲመታ ግቢ ወጥተው ይቆማሉ። በዓመቱ ብቻዬን ሄድኩ። ኪንሌ ዛም ከናዳው ቦታ ዝቅ ብላ ሌላ ቤት ሠርታለች፤ እጄን ይዛ ብዙ አወራችኝ፤ አንድም ቃል አልገባኝም።

«ምን አለች?» አሉኝ ስመለስ።

«እኔ ምን አውቄ ካክ። ብዙ ነው ያለችው።»

«ብዙ ምን? ሰው ከሰው ይህን ያህል ይቆያል ሳይሰማ?» ተቆጡ። ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ። «ያን ዕለት ንጋ ብላ ዝም አለች። ቁጥሩ አልቆ ነው ወይስ ትንፋሿ? ስድስተኛ ሰው ቢኖርስ? እኔ ነኝ በቃ ያልኳችሁ።»

ዓመቱን ሙሉ ይህን ይዘው መኖራቸውን አላወቅኩም ነበር።

በተከታዩ መስከረም አብረውኝ ወጡ። መንገዱን ሙሉ ቀበቶዬን ጨምድደው ያዙ። ናዳው ቦታ ስንደርስ ልብሳቸው በላብ ረጠበ። ኪንሌ ዛም ደጅ ላይ ወርደው፣ ሰላምታዋን እንኳ በወጉ ሳይቀበሉ ጠየቋት። እሷ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት አጭር መለሰች፤ ከዚያ አፏን በእጇ ሸፍና አለቀሰች።

«ስድስተኛ አልነበረም» አሉኝ ካክ፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለው። ጨው ያለበትን ሻይ ተቀብለው እስከ መጨረሻው ጠጡት። ኪንሌ ዛም ደግማ ቀዳችላቸው።