ዋስ ነኝ ብዬ የገባሁበት ክፍል

የልጅ ልጄ ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ውስጥ የኔትዎርክ ሠራተኛ ሆና ስትቀጠር ዋስ አምጪ አሏት። እኔ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ደመወዜን አስይዤ ፈረምኩላት። ማንበብ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ቀስ ብዬም ቢሆን የምፈርምበትን ሁሉ አነባለሁ።

በሦስተኛው ዓመት አንድ ሐሙስ፣ ላንቻ ቤታችን ፊቷ ጠቁሮ ገባች። የቢሮው ሰነድ ሁሉ የሚቀመጥበት ትልቁ ኮምፒውተር፣ ሰርቨር የሚሉት፣ ቫይረስ አስቸግሮት ሰነዱን ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ወዳለው አዲስ ማሽን ልታዛውር ነው። ሥራ አስኪያጁ ወረቀት አስፈርሟታል፤ አንድ ሰነድ ቢጠፋ ተጠያቂዋ እሷ ብቻ ናት።

"ቀይሪ ብሎ ያዘዘሽ ማነው?" አልኳት።

"እሱ ነዋ።"

"ታዲያ የሱ ፊርማ የታለ?"

"እምዬ፣ በቃ ተይው። ሥራዬን ታሳጪኛለሽ።"

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አለኝ። እንጀራ ከማጣት ይልቅ የፈራሁት ስሟ እንዳይጠፋ ነው። ሰነድ አጥፍታ ተባረረች ከተባለች ማን ሌላ ቢሮ ያስገባታል?

ማሽኑ የሚቀየርበት ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሠራተኛው ከወጣ በኋላ፣ እስከ ኦሎምፒያ በታክሲ፣ ከዚያ በእግሬ ሄጄ ቢሮዋ ደረስኩ። ዘበኛው "እማማ፣ ወዴት ነው?" ሲለኝ "ዋስ ነኝ፤ የዋስኳትን ላይ ነው" ብዬው አለፍኩ።

ክፍሉ ጠባብና ቀዝቃዛ ነበር። አሮጌውና አዲሱ ማሽን ጎን ለጎን ያጓራሉ። ሥራ አስኪያጁ የመኪናውን ቁልፍ እያንቀጫቀጨ ከኋላዋ ቆሟል። ሰነዱ ወደ አዲሱ ተገልብጦ አልቋል፤ የቀረው አሮጌውን ማጥፋት ነው። ስክሪኑ ላይ አንድ ጥያቄ ቆሟል። "ላጥፋው ወይ እያለ ነው" አለችኝ።

"አጥፊውና እንሂድ!" አላት ሥራ አስኪያጁ።

ጣቷን ኪቦርዱ ላይ አደረገች። እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ቁጥር ግን አውቃለሁ። የአሮጌው ሰዓት ዘጠኝ ከሩብ ይላል። የእጄም ዘጠኝ ከሩብ ነው።

"ቆይ አንቺ፣ ያኛው አዲሱ አሥራ አምስት ይላል። አሥራ አምስት የሚባል ሰዓት አለ እንዴ?"

"የፈረንጅ ነው እኮ እምዬ፣ አሮጌው ግን..." አለችና እጇን ከኪቦርዱ አነሳች።

ሁለቱን ማሽን አስተያይታ ነገረችን፤ አሮጌው ለዓመታት በሀበሻ ሰዓት ተሞልቶ ኖሯል። የሁሉም ሰው የእጅ ሰዓት እንደዚያው ስለሚል ማንም ልብ አላለውም። አዲሱ አርብ እኩለ ቀን ላይ፣ በእኛ ስድስት በሱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ያለውን ሁሉ ገልብጦ ነበር። ቅዳሜ ደግሞ ከዚያ ወዲህ የተጻፈውን ብቻ ጨምር ተባለ። አርብ ከሰዓት የተጻፈው ሁሉ ስምንት ሰዓት፣ አሥር ሰዓት የሚል ምልክት ስላለው ከአሥራ ሁለት በፊት የተጻፈ መስሎት ዘለለው። ሰኞ የሚገባው የጨረታ ሰነድ እዚያ ውስጥ ነበር፤ ሊጠፋ በነበረው ማሽን ላይ ብቻ።

አንድ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

"አየሽ፣ ጉድ ልትሠሪን ነበር!" ብሎ ሥራ አስኪያጁ ጮኸባት። "ደግሞ ፈርመሻል!"

"ሰዓቱን እንዲህ ያስሞላው ማነው?" አልኩ።

እሷ ወለሉን እያየች "እኔ ከመቀጠሬ በፊት ነው። ያስሞሉት ራሳቸው ጋሼ ናቸው ይላሉ" አለች።

"እና? በሀገራችን ሰዓት መጠቀም ነውር ነው?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ነውር አይደለም። አጥፊው ብለህ ያጣደፍካትስ አንተ አይደለህም?" አንተ ማለቴ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። "ወረቀቱን አምጣ። ወይ አንተም ትፈርማለህ፣ ወይ እኔ ዋስነቴን አነሳለሁ።"

የልጅቷ ዓይን እንባ ሞላ። ዋስ ከሌላት ሰኞ ከበር ትመለሳለች። ይህን እያወቅኩ ነው የተናገርኩት፤ በዕድሜዬ እንደዚያች ደቂቃ ፈርቼ አላውቅም።

ጥያቄው ስክሪኑ ላይ እንደቆመ ነው። የጨረታውን ሰነድ የሚያወጣለት ከሷ ሌላ እዚያ ሰው አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አመጣና ከስሟ ሥር "በእኔ ትእዛዝ" ብሎ ፈረመ።

እሱ እንደቆመ፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

"በይ አሁን" አልኳት፣ "ሰዓቱን ሳታይ ሁሉንም ገልብጪ።"