የዋቅወያ ቁመት

ባሌ ዋቅወያ ሰው አያምንም። ነቀምቴ ገበያ ቡና ሲሸከም ስለኖረ፣ በሚዛን የሚያጭበረብር ብዙ አይቶ ይሆናል። እኔ ፊደሉን በሚሲዮኑ ትንሽ ነው የቆጠርኩት፤ እንደሆነልኝ ልጻፈው።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። በጠቅላይ ግዛቱ ግቢ ዘበኛ ሊቀጥሩ ቁመት ይለኩ ነበር። እሱ ወገቡን ስላመመው ሸክሙን መተው ፈልጓል። ጠዋት የግቢው በረኛ መገርሳ፣ የሰፈራችን ሰው ነው፣ በመለኪያው ዱላ ለካውና፣ በኦሮምኛ አጠራር፣

"ያ ዋቅወያ፣ ደርሰሃል። አለቃው ከሰዓት ይዩህ" አለው።

እስከዚያ ዝም ብሎ አይቀመጥ ነገር፣ ከዲጋ የመጣ ቡና ሲያራግፍ ቆየ። ከሰዓት ሃምሳ አለቃ ማዘንጊያ በዚያው ዱላ ሲለኩት አንድ ጣት አነሰ። "ሰኞ ጠዋት ተመለስ፤ ከዚያ ወዲያ የለም" አሉት።

ቤት ገብቶ፣ "ዱላውን ቀይረውታል። የራሳቸውን ሰው ሊያስገቡ ነው" አለኝ።

"መገርሳም አለበት?"

"ሲስቅልኝ አላማረኝም።"

በማግስቱ ጠዋት በቁመቱ ልክ ሸንበቆ አስቆረጠኝና ወደ ሥራው ሄደ። ማታ ስንለካ ሸንበቆው በለጠው። ሸንበቆውን አየ፣ ከዚያ እኔን።

"ማን ነካው?"

"ማን ይነካዋል?"

"ቤት የዋልሽው አንቺ ነሽ።"

አቅፎት ተኛ። ሲነጋ ልክ ሆነ፤ ማታ ከሸክም ሲመለስ እንደገና አነሰ።

"ጠዋት ትቆርጪዋለሽ፣ ማታ ትቀጥዪዋለሽ" አለኝ።

"የተቆረጠ ሸንበቆ በምን ይቀጠላል? ጆንያው ነው ተጭኖ የሚያሳጥርህ። እስከ ሰኞ አትሸከም።"

"ይሄን ማን ነገረሽ?" አለ። ግን አልተሸከመም።

ሰኞ አብሬው ሄድኩ። አለቃው ፊት ሲቆም፣ እንደ ልማዳችን ለትልቅ ሰው እጁን አጣምሮ አንገቱን ደፋ። የዱላው ጫፍ አሁንም ከራሱ በላይ ሆነ። ማዘንጊያ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንዶች መሀል መናገር አፍራለሁ፤ የዚያን ቀን ግን እንዴት ዝም ይባላል?

"ጌታዬ፣ እርስዎን አክብሮ ነው ያቀረቀረው" አልኩ።

"ቀና በል። እኔን እየኝ" አሉት።

መጀመሪያ እኔን አየኝ፣ ተጠራጥሮ። ከዚያ ቀና አለ። የዱላው ጫፍ ከፀጉሩ ጋር እኩል ሆነ። "ገብቷል" አሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ ፊት ፊት ሄደ። ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ስንደርስ ቆመ።

"ድርቤ፣ ለሰውዬው ምን ሰጥተሽው ነው?"