ጣቴ የተማረው ስም

ዓመቱ በትክክል ትዝ አይለኝም፤ ብቻ ሰበታ ላይ ገና አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ያስታወሰኝ የልጅ ልጄ ታብሌት ነው። ትናንት ከትምህርት ቤት ይዛው መጣችና «አባባ፣ ስምዎን ይጻፉበት» አለችኝ። እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሴን ስዳብስ ሳቀችብኝ። «በጣትዎ ነው እንጂ!»

ጣቴ መስታወቱን ሲነካ ያ የልጅነቴ እርጥብ አፈር ትዝ አለኝ። መምህራችን «እስከ ሰኞ ስምህን ካልጻፍክ እንዳትመጣ» ብለውኝ ነበር። እርሳስ መያዝ ገና አልለመድኩም፤ እቤት ደግሞ ፊደል የሚያውቅ የለም። ደጃፋቸው ላይ ገመድ የሚገምዱት ጎረቤታችን ኦቦ ቱሉ ግን ዓይናቸው ከመጥፋቱ በፊት ቄስ ትምህርት ቤት ተምረዋል። ሳለቅስ ሰሙኝና በኦሮምኛም በአማርኛም «ኮቱ፣ ና ወዲህ» አሉኝ። ጣቴን በሻካራ እጃቸው ይዘው ስሜን አፈሩ ላይ አስጻፉኝ። «አሁን ደግሞ ብቻህን» አሉና የጻፍኩትን በቀስታ እየዳሰሱ አነበቡት። «ይቺ ፊደል እግሯ አጥሯል። ጣትህ ካወቀ እርሳሱ የት ይሄዳል?» ያኔ አባባላቸው አልገባኝም። ሰኞ ግን ጻፍኩ።

ታብሌቱም ስሜን ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ደስ የሚል ጉድ ነው! የልጅ ልጄ ተገርማ «ማን አስተማረዎት?» አለችኝ።

«ኦቦ ቱሉ» አልኳት።