ጠበል ያፈሰስኩበት ደብተር

ልጄ ያን ሰሞን ከአንድ ቀጭን የፈረንጅ መጽሐፍ ጋር ነበር የምትውለው። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ናት። ክፍል ፊት ቆማ መጽሐፉን ካላስረዳች ትምህርቱን ትወድቃለች፤ ከወደቀች ዓመቱን ትደግማለች። ይህን ስትነግረኝ ምስር እየለቀምኩ ነበር፤ ትሪውን አስቀመጥኩት።

ከትምህርት ስትመለስ እኔን እንደ ክፍል ተማሪ አስቀምጣ ትለማመድ ነበር። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ታሪኩ ግን ገባኝ። አንዲት ባል የሞተባት ሴት ኮረብታ ላይ ባለ የድንጋይ ቤት ትኖራለች። አንድያ ሴት ልጇ ታስላለች። ብርድ እንዳይገባባት ብላ እናትየዋ መስኮቱን ሁሉ በምስማር ትመታዋለች፤ የበሮቹን ቁልፎች አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። አንዲት አሮጊት ሠራተኛ መብራት ይዛ ምግብ ታመላልሳለች። በመጨረሻ ልጅቷ ነጭ ሆና ከክፍሏ ስትወጣ እናቷ አታውቃትም። የሙት መንፈስ መስላት በሩን ትቆልፍባታለች።

«ምን ዓይነት እናት ናት?» አልኳት።

«ሰው ብቻ አይደለችም እኮ፣ እማዬ። ሲምቦል ናት፤ ምልክት በይው። እሷ ፍርሃት ናት። አሮጊቷ ደግሞ እያየች ዝም የምትል።»

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷማ አየር ያጣች» አለችና የእንጦጦን ንፋስ ፈርቼ የዘጋሁትን መስኮት አየች። «ይሄ ደራሲ እኛ ቤት ሳያድር አልቀረም።»

ሳቅን። ግን ልጄ እየከሳች ነበር። ምግብ ትተዋለች፤ ክፍል ውስጥ እየተንጎራደደች ብቻዋን ታወራለች። የጥናት ጭንቀት ነው ብዬ አላሰብኩም። ከመጽሐፉ የወጣ ነገር የተጠጋት መሰለኝ። ቅዳሜ ማለዳ ከሰፈራችን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወጣሁ፤ እንጦጦ ራጉኤልን ተሳልሜ፣ ጠበል ይዤ ተመለስኩ።

ልጄ ሱቅ ሄዳ ነበር። ትራሷን ረጨሁ፣ ደጃፉን ረጨሁ። መጽሐፉን የትምህርት ቤት ንብረት ስለሆነ አልደፈርኩትም። ደብተሯን ስገልጥ ግን ጥቁር በርና የቁልፍ እስር ተስሎበት አየሁ። በስመ አብ አልኩ። መርጨቱ አነሰኝና አፈሰስኩበት።

ስትመለስ የደብተሩ ቀለም ሟሙቶ ከጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«እማዬ፣ ክፍል ፊት የምቆመው ሰኞ እኮ ነው» ብቻ አለች።

«የነገርሽኝን ሁሉ አስታውሳለሁ፣ ልጄ። ተቀመጪ፣ ልንገርሽ።»

ምስማሩን ነገርኳት፣ መብራቱን፣ የልጅቷን ነጭ ፊት። እሷ ጻፈች። ቁልፎቹ ላይ ስንደርስ እስክሪፕቶዋ ቆመ።

«የምን ምልክት ናቸው ብዬሽ ነበር?»

የት እንደተንጠለጠሉ አውቃለሁ። ሴትዮዋ ስትራመድ እንዴት እንደሚንቃጨሉ እንኳ አውቃለሁ። ትርጉሙ ግን አልመጣልኝም።

«አንቺው ታውቂው የለ?»

«ጭንቅላቴ ባዶ ሆነ። ተይው።»

ሰኞ ታክሲ ሰልፍ ድረስ ተከተልኳት። «ሰው እያየን ነው፣ ተመለሽ» አለችኝ። ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ መጣች። መምህሩ ከሁሉ መርጦ ስለ ቁልፎቹ ጠይቋታል። የጻፈችውን ብታገላብጥም አላገኘችውም። «ዓርብ እንደገና ሞክሪ፤ ከዚያ በኋላ የለም» ብሏታል።

በማግስቱ መስኮቱን ከፍቼ ደብተሩን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። የተጣበቀውን ወረቀት በቢላ ጫፍ አንድ በአንድ እያላቀቅኩ፣ ፊደሉ ያልጠፋውን ሳገኝ ወደ አልጋዋ እወስድላታለሁ። ሁሉም እንግሊዝኛ ነው።

«የቁልፎቹ ይሄ ይሆን?»

«አይደለም፣ እማዬ።»

ምሳዋ አጠገቧ እንደቀረበ ቀዝቅዟል። «ብዪ» ልላት ፈራሁ። ወደ መስኮቱ ተመልሼ የሚቀጥለውን ወረቀት ማላቀቅ ጀመርኩ።