የማን እንደሆነ ያልታወቀው አንቀጽ

አንሙት ባጃጁ በቅጡ ሳይቆም ነው የዘለለው። አንድ እግሩ ጭቃ ውስጥ ተዘፈቀ፤ ጫማው እዚያው ሊቀር ምንም አልቀረው፤ ጎትቶ አወጣውና እየሮጠ ወደ ኢንተርኔት ቤቱ። ነሐሴ ነው። የደብረ ማርቆስን የነሐሴ ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ከላይም ከጎንም ነው የሚመታው። ጽሑፉን በፌስታል ጠቅልሎ ሸሚዙ ስር ሸጉጦታል። በሩን ገፍቶ ሲገባ ሰላምታ የሚሰጥበት ትንፋሽ እንኳ አልነበረውም።

«ፀደንያ፣ መብራት አለ?»

«እንዴ ጋሽ አንሙት! አለ እንጂ። ምን ሆነው ነው? ውሻ አባሮዎት ነው?»

«ውሻስ በማረኝ። ቶሎ በይ ክፈችልኝ፣ ሳይሄድ።»

ፀደንያ የኢንተርኔት ቤቱ ሠራተኛ ናት። ክረምቱን ሙሉ ማውዙን ከመያዝ ጀምሮ ያስተማረችው እሷ ናት። ስትቀልድበት «መሪጌታ» ነው የምትለው። አሁን ግን ፊቱን በደንብ አየችና ቀልዱን ዋጠችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንሙት ከሮብ ገበያ አልፎ፣ ጮቄ ስር ባለች አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው። ክረምት ክረምት እየመጣ ለዲግሪ ይማራል፤ ይሄ የመጨረሻው ክረምቱ ነው። የቀረችው አንዲት የጥናት ጽሑፍ ናት፤ የገበሬ ልጅ ለምን ትምህርቱን እንደሚያቋርጥ። እሷ ካለፈች ተመረቀ። ከወደቀች ወረዳው ሁለተኛ አይልከውም። ያችን ጽሑፍ ሰጥቶ በጎ በጎውን ሲጠብቅ፣ ዛሬ ከምሳ በኋላ አማካሪው መምህር ታረቀኝ ቢሮ አስጠራው።

«አንሙት፣ ይሄን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግሊዝኛው ያንተ ነው?»

«አዎ መምህር፣ በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት።»

ታረቀኝ ከአንሙት ጽሑፍ አንድ መስመር ወሰደ፤ ከፊቷና ከኋላዋ የጥቅስ ምልክት አድርጎ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የመጽሐፍ መፈለጊያ ውስጥ ከተታት። መጽሐፉ ወዲያው ብቅ አለ፤ ያች መስመር ቢጫ ተቀብታ ቁጭ ብላለች።

እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል። አንሙት ግን ፊቱ በራ! «እሱ ነው!» አለ። «አንዲት ቃል አላዛነፍኩም አይደል? ቀጥሎ ያለውንም ልበልልዎት?» ብሎ፣ ዓይኑን ጨፈነና ጀመረ። እንግሊዝኛውን በዜማ ቤት ድምፅ፣ ከፍ ሲያደርገው፣ ዝቅ ሲያደርገው፣ የገጹ መጨረሻ ድረስ ተወጣው። ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሌሎቹ መምህራን ወረቀታቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ተንፈቀፈቁ።

«በሬ ሰርቆ ‹ቀንዱንም ላሳያችሁ› የሚል ሌባ ዛሬ ገና አየሁ» አለ አንደኛው።

አንሙት ዓይኑን የገለጠው ሌባ የምትለዋን ሲሰማ ነው።

ታረቀኝ ክፉ ሰው አይደለም። እሱ አልሳቀም። «ስማኝ አንሙት» አለው፤ «ይሄ የሰው ነው። የሰውን ወስዶ ስም አለመጥራት እዚህ ስርቆት ነው። ነገ ጠዋት ኮሚቴ ይቀመጥብሃል። እያንዳንዱ አንቀጽ የማን እንደሆነ፣ ከየትኛው መጽሐፍ፣ ከስንተኛው ገጽ እንደወሰድከው ጽፈህ ና። ሙሉውን ካመጣህ ባለማወቅ ነው ብዬ እለምንልሃለሁ። የማን እንደሆነ የማታውቀው አንድ አንቀጽ ከቀረ ግን እኔ የለሁበትም፤ ትባረራለህ። በስርቆት ነው ተብሎ ለወረዳህ ይጻፋል።»

ያን ሰምቶ ነው የሮጠው።

እሱስ ምን ያድርግ? ልጅነቱ ያለቀው ይጁቤ አጠገብ፣ የኔታ ወልደ ገብርኤል ዘንድ ነው። ንባብ ቤት ገብቶ ዳዊት ደገመ፣ ዜማ ቤት ገብቶ ጾመ ድጓ ያዘ። ግዕዙ ምን እንደሚል ሳያውቅ ነው የያዘው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ቃሉ ይገባል፣ ፍቺው ሲፈቅድ ይመጣል። የኔታ አንዲት ቃል ከራሱ የጨመረ ተማሪ ሲያገኙ፣ «ማን አባህ ጨምር አለህ!» ብለው በአለንጋ ነው የሚያቀኑት። የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የኔታ የሰጡህን እንደሰጡህ መለስክ፣ አለቀ፤ «ቀለም ይቀበላል» ተብለህ ትመሰገናለህ። በብዕር ልያዝ ያለ ተማሪማ መሳቂያ ነው፤ የሚጽፍ የሚረሳ ነው።

ቅኔ ቤት ቢደርስ ኖሮ የሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ መቀኘት ምን ዓይነት ነውር እንደሆነ እዚያው በተማረው። አልደረሰም። አባቱ ሞቱና በሬዎቹ የሚጠምዳቸው አጡ። አርሶ አርሶ፣ ታናናሾቹ ሲደርሱለት፣ ጢም ካወጣ በኋላ አስኳላ ገብቶ ከሕፃን ጋር ተቀመጠ። ያንንም ቢሆን እየዘለለ እየተንጠለጠለ ነው የጨረሰው። እንዲህ ሆኖ ሁለቱንም ትምህርት ከወገቡ ላይ ቆርጦ ይዞታል፤ የዚያኛው ሥርዓት እዚህ አይሠራ፣ የዚህኛውን ማንም በቅጡ አልነገረው።

መፈለግ የጀመረ ሰሞን፣ ኮምፒውተሩ ላይ በአማርኛ «እባካችሁ የገበሬ ልጅ ትምህርት የሚያቋርጥበትን ምክንያት በዝርዝር ንገሩኝ» ብሎ ጻፈ። ፀደንያ ከኋላው ቆማ አነበበችውና፣ «መሪጌታ፣ ለጳጳስ አቤቱታ እያስገቡ ነው?» አለችው። ከዚያ ቁጭ ብላ አሳየችው። ሰላምታውን ይተዉት፣ ሦስት አራት የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ይስጡት። መጻሕፍት የሚለውን ይጫኑ። መጽሐፉ ሲመጣ ከዳር አይጀምሩ፣ እዚች ጋ የሚፈልጓትን ቃል ይጻፉ፣ ያለችበትን ገጽ ያወጣልዎታል። ይሄ ለአንሙት ተአምር ሆነበት። መጽሐፍ ማለት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተራ የሚወጣ ነገር ነው ብሎ ነው ያደገው፤ መሃሉ ላይ ዘው ብሎ መግባት ድፍረት ይመስለው ነበር።

«የጸሐፊውን ስምና ገጹን እየጻፉ» ትለዋለች። «እሺ» ይላል። አይጽፍም። መብራቱ ይሄዳል ብሎ ስለሚፈራ ጊዜውን በመጻፍ አያባክንም፤ የተከፈተለትን ገጽ ቶሎ ቶሎ በቃሉ ይይዛል። መብራቱ ሲሄድ ሌላው ተጠቃሚ ሲራገም እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይደግማል። ማደሪያው ሲደርስ በወረቀት ያሰፍረዋል። ሲያሰፍረውም ለበዓል ማህሌት እንደሚዘጋጅ አድርጎ ነው፤ ለዕለቱ የሚስማማውን ከዚህም መጽሐፍ ከዚያም መጽሐፍ ያወጣጣና አንድ አድርጎ ያቆመዋል። እንዲያውም አሳምሬ አቆምኩት ብሎ ኮርቶ ነበር።

አሁን እንግዲህ ያንን ሊፈታ ተቀምጧል።

«ነግሬዎት ነበር እኮ!» አለች ፀደንያ፣ ወንበር ስባ አጠገቡ እየተቀመጠች።

«ነግረሽኛል።»

«እና?»

«ሁሉም እዚህ ያለ መስሎኝ» አለና ግንባሩን ነካ።

የመጀመሪያውን አንቀጽ እሱ በቃሉ አላት፣ እሷ ጻፈች፣ የጥቅስ ምልክቱን አደረገችበት። ምንም አልመጣም። «ረዝሞ ነው፣ ይቁረጡልኝ» አለች። ግማሹን ሰጣት፤ መጣ። የቀረውን ግማሽ ሰጣት፤ እሱም መጣ፣ ግን ሌላ መጽሐፍ ውስጥ።

«አዩ? ከሁለት ሰው ቀደው ነው የሰፉት። ስፌቱ ላይ መቁረጥ አለብን።»

ስፌቱ የት እንደሆነ ደግሞ አንሙት በዓይን አያውቀውም። ቀስ ብሎ በዜማው ሲለው ግን አንድ ቦታ ላይ ትንፋሹ ይደናቀፍበታል። እዚያች ላይ ያቆማል፤ «እዚህ ቁረጪ» ይላል፤ ትቆርጣለች፤ ይመጣል። ስም፣ ዓመት፣ ገጽ። ስም፣ ዓመት፣ ገጽ። ክረምቱን ሙሉ ያልለመደውን መፈለግ በአንድ ከሰዓት ለመደው። መጨረሻ ላይ የኮምፒውተሩን ቁልፍ ራሱ ይዞ እሷ በወረቀት የምትጽፍ ሆነች። ትንሽ ደረቱ ቀለል አለው።

ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ የብርጓል ናት።

«ጨረስክ ወይ?»

«እየጨረስኩ ነው።»

«ቄሱም ጠየቁኝ፣ የምረቃው ቀን መቼ ነው አሉ። ጠላው ይጠመቅ ወይስ ይቆይ? ሰው ሁሉ እኔን እኮ ነው የሚጠይቀው!»

«ይቆይ።»

«እስከ መቼ?»

«አይሰማም የብርጓል፣ ኔትወርኩ...» ብሎ ዘጋው። ኔትወርኩ ደህና ነበር። ፀደንያ ሰምታለች፣ ግን አንገቷን ደፍታ መጻፏን ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። አንዱ መጽሐፍ ተከፈተና የሚፈልገው ገጽ ነጭ ሆኖ መጣ። ለማየት የተፈቀደልህን ጨርሰሃል ይላል። ክረምቱን ሙሉ ሲከፍተው የከረመው መጽሐፍ ነው። ሌላው ደግሞ ሁለት መስመር ብቻ፣ እንደ ተቀደደ ወረቀት፣ ያሳይና ዝም ይላል።

«ገጹ የታለ?»

«ይሄ አያሳይም። ይቺን ብቻ ነው የሚያሳየው።»

«እኔ እኮ ከላይም ከታችም ያለውን አውቀዋለሁ! ልበልልሽ?»

«ማወቅዎ ምን ያደርጋል ጋሽ አንሙት? ገጹን አያውቁት።»

እውነቷን ነው። የመጽሐፉን ስም ብቻ ጻፈና ገጹን ክፍት ተወው። ምናልባት ይህችን ታረቀኝ ይለምንልኝ ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናና። እየቀነሱ እየቀነሱ ሄደው አንድ አንቀጽ ብቻ ቀረ።

ይህቺ አንቀጽ ታረቀኝ በመጀመሪያው ንባቡ አጠገቧ «በጣም ጥሩ» ብሎ የጻፈባት ናት። ጽሑፉ ውስጥ ሌላ ምስጋና የለም። እንግሊዝኛዋ ወደ አማርኛ ቢመለስ እንዲህ ነው የምትለው፤ «አጨዳ ሲደርስ ስም እንጠራለን። የሌለውን ልጅ ቀሪ እንለዋለን። ቀሪ ያልነው ልጅ ግን ድምፃችን የሚሰማበት ማሳ ላይ ጎንበስ ብሎ እያጨደ ነው፤ ስሙ ሲጠራም ይሰማል።»

ሙሉዋን አስገባ። የለም። ከመሃል ቆረጣት። የለም። ከፊት፣ ከኋላ፣ ሦስት ቃል፣ ሦስት ቃል። የለም። የጥቅስ ምልክቱን አነሳውና ዝም ብሎ ፈለገ፤ ስለ አጨዳ መኪና የሚያወሩ መጻሕፍት መዓት ወረዱ።

ፀደንያ አየችውና ሳቅ አለች። «ምናልባት የራስዎ ይሆናላ!»

«የምን የራሴ?»

«እርስዎ ያሰቡት ነዋ። ስም አይጠሩም እንዴ ክፍል ውስጥ?»

አንሙት ስምስ ይጠራል። ማሳውም ከትምህርት ቤቱ አጥር ስር ነው። ግን ይህን አስቤያለሁ ብሎ የሚያስታውሰው ቀን የለም። የሌሎቹን እያንዳንዳቸውን የትኛው ወንበር ላይ ሆኖ እንደያዛቸው ያውቃል። ለዚህች ግን ምንም ትዝ አይለውም። በዜማው ሊላት ሞከረ፤ አንድ ጊዜ የራሱ መሰለችው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከሆነ ሰው አፍ የወጣች መሰለችው። ከራስህ አትጨምር ተብሎ ያደገ ሰው፣ ጨምሮ ቢገኝ በምን ያውቀዋል?

«ሁሉም መጽሐፍ እዚህ ውስጥ አለ?» አላት።

«የለም። ያላስገቡት ይበዛል ነው የሚባለው።»

«እንግዲያ መጽሐፍ ውስጥ ኖራ እዚህ ሳትገባ ቀርታ ይሆናል።»

«ሊሆን ይችላል።»

«የኔም ልትሆን ትችላለች።»

«ሊሆን ይችላል ነው የምልዎ፤ እኔ በምን አውቃለሁ?»

አንድ ጊዜ ብቻ ልሞክር ብሎ ጣቱን ቁልፉ ላይ ሲያሳርፍ መብራቱ ሄደ። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ በአንድ አፍ «ኤጭ!» አለ። ፀደንያ ወደ ደጅ ወጥታ አሻግራ አየች፤ እስከ ገበያው ድረስ የመንገዱ ሱቅ ሁሉ ጨልሟል። የዛሬው አይመጣም አለች። ገና ሳይመሽ መዝጊያውን መሳብ ጀመረች።

አንሙት ወረቀቶቹን ሰብስቦ በፌስታሉ ጠቀለላቸው። አጠገባቸው ስም የተጻፈላቸው አሉ፤ ገጽ የጎደላቸው አሉ፤ አንዷ አጠገብ ምንም የለም።

«ታዲያ ነገ ምን ሊሏቸው ነው?» አለችው፣ ጣራው ጥግ ስር ቆመው።

«የኔ ናት ብል፣ መጽሐፏ አንድ ቀን ብትገኝ ሌባ የሚለው ስም ይጸናብኛል። የኔ አይደለችም ብል የማን ናት ይሉኛል። እውነቱን ልንገራቸው ብል ደግሞ እውነቱን አላውቀውም።»

«ለመምህሩ እንደሱ ይበሉት።»

«የገዛ ሐሳቤን ከሰው ሐሳብ መለየት አቃተኝ ልበለው? ይሄን የሚል አስተማሪ ለምን ያስፈልጋል አይሉም?»

ፀደንያ በሩን ቆልፋ ጥላዋን ዘረጋችና ሄደች። እሱ ዝናቡ ቢያባራ ብሎ ጥቂት ቆየ፤ አላባራም። ነገ ጠዋት ኮሚቴው ፊት ሲቆም የኔ ናት ይበል፣ አይደለችም ይበል፣ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚመጣም አያውቅም።