በስሜ የተጻፈው ማሳ

ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ከሰሜን አንድ ደብዳቤ ጻፈልን፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። እናታችን ቀደም ብላ ስላረፈች ቤት የቀረነው እኔና አባቴ ብቻ ነበርን።

አባቴ በወጣትነቱ ከኦቾሎ ተራራ ወርዶ ኩልፎ ወንዝ ዳር ጥሻ መንጥሮ ሙዝ ተክሏል። መሬት የመንግሥት ነው ከተባለ በኋላም፣ ማሳውን ወንድሜ ይረከበኛል ከማለት አልቦዘነም። ወንድሜ በሄደ በሁለተኛው ክረምት ግን ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ሳምንትም ሳይቆይ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሠራተኛ የሌለውን መሬት ለሌላ ሊደለድል ነው ተባለ።

አንድ ቀን ጠዋት ሁለት ሰዎች የማሳችንን ዳር በገመድ ሲለኩ አየሁ። ሰላምታ እንኳ አልሰጡኝም። ሮጬ ገብቼ ለአባቴ ነገርኩት።

«በስምሽ ይጻፍ» አለኝ፣ በከበደ አንደበቱ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ለመምህራን ማሠልጠኛ ተመርጬ ነበር። በገበሬነት ከተመዘገብኩ ያ ነገር ያበቃለታል።

«አባዬ፣ ወንድሜ ሲመጣ ምን እለዋለሁ?»

«መጀመሪያ የሚመጣበት ቦታ ይኑረው።»

ማኅበሩ መሬት የሚደለድልበት ስብሰባ እስኪደርስ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ቀን ቀን የተደፈነውን የመስኖ ቦይ እጠርጋለሁ፣ ትርፉን ቡቃያ በገጀራ እመታለሁ፣ ያጎነበሰውን ግንድ በእንጨት እደግፋለሁ። መዳፌ ተልጦ እንጀራ መቁረስ አቃተኝ።

የስብሰባው ዕለት ጎረቤቶች አባቴን በጋሪ ጭነው አመጡት። ሊቀመንበሩ ጥያቄዬን ሰምቶ ሳቀ።

«ሴት ልጅ ታገባለች፣ ትሄዳለች። ያኔ መሬቱን አዝለሽው ልትሄጂ ነው?»

ሰዉም ሳቀ። 

አባቴ ደህናውን እጁን አነሳ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እሷን ተዋትና ሥራዋን ሄደህ እይ።»

ሁላችንም ወደ ማሳው ሄድን። ሊቀመንበሩ ቦዩን ተከትሎ እስከ ወንዙ ወረደ፤ አፈሩን በእጁ አፈሰ፣ ድጋፎቹን እየነካካ ተመለሰ። እኔ ከጋሪው ጎን ቆሜ የአባቴን ትንፋሽ እሰማ ነበር።

«ጻፋት» አለው ጸሐፊውን። «ለጊዜው።»

ያቺ «ለጊዜው» ስንት ዓመት እንዳስፈራራችኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ስሜ እንዳልተሰረዘ ጸሐፊውን እጠይቅ ነበር።

አባቴ በዓመቱ አረፈ። ወንድሜ ከዚያ በኋላ፣ ቀኝ ክንዱ ቆስሎ መጣ። ገና ውሃ ሳይጠጣ ነገርኩት፤ ከሌላ ሰው እንዳይሰማው ፈርቼ ነበር።

«በስምሽ? አባዬ ራሱ?» አለ።

«ራሱ።»

ሦስት ቀን ወደ ማሳው ዝር አላለም። በአራተኛው ማሳው ውስጥ አገኘሁት፤ በግራ እጁ የደረቀ ቅጠል ይቆርጣል። አቆራረጡ ስላላማረኝ ላስተካክለው ቀረብኩ።

«ተይኝ፣ እለምደዋለሁ» አለኝ።

በኋላ ማኅበሩን ለምነን ማሳውን ለሁለት አስከፈልነው። ከወንዙ የሚቀርበው ለእሱ ደረሰ፤ ውሃው ስለሚቀርበው ለክንዱ ይቀለዋል ብዬ እኔው ነበርኩ የሰጠሁት። ማሠልጠኛው ሳልገባበት ቀረ። ወንድሜ ይህንን አንድም ቀን አንስቶ አመሰግናለሁ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ሲመሽ ግን የእኔን ቦይ ጠርጎ ነበር ወደ ቤቱ የሚሄደው።