እስከ ሠላሳ

ካምፓላ፣ ኪዋቱሌ ሰፈር ውስጥ ከቤንዚን ማደያው ጀርባ ወርቅውሃ የምትባል ሴት ምግብ ቤት አላት። ሽሮዋ ይወደዳል። በርበሬውን የማቀርብላት እኔ ስለሆንኩ ከዚህ በላይ ባወራ ራሴን ማመስገን ይሆንብኛል። ቤቱ ስድስት ጠረጴዛ ነው። ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል፦ በዝናብ የራሰ አስፋልት፣ ሰባት ቀጫጭን ሯጮች፣ ከሁሉም ፊት ወርቅውሃ።

አዲስ ሰው ገብቶ ፎቶውን ሲያይ «አሸንፈሽ ነው?» ይላታል።

«እስከ ሠላሳ ድረስ» ትለውና ሰሃኑን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ትገባለች።

ሰውየው ሠላሳ ምን እንደሆነ ሳይገባው ሽሮውን በልቶ ይሄዳል። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሰውዬ በልቼ ስሄድ ኖሬያለሁ። ደመቀች እባላለሁ፤ ኪኩቦ ገበያ ውስጥ ቅመማ ቅመም በጅምላ እሸጣለሁ። ስለ ሩጫ የማውቀው ነገር ቢኖር ውሻ ሲያባርረኝ እንኳ እንደማይሆንልኝ ነው።

ነገሩን ያወቅኩት በሽኝት ነው። ሐበሻ ሁሉ እንግዳውን ይሸኛል፤ ወርቅውሃን ግን እግዜር ለዚሁ የፈጠራት ይመስለኛል። ቤቴ ከሷ ምግብ ቤት የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ልሄድ ስነሳ «እስከ ቦዳዎቹ ልሸኝዎት» ትላለች። ባለ ሞተር ታክሲዎቹ ቦዳዎች ጋ ስንደርስ ወሬው አላለቀም፤ እስከ መታጠፊያው እንሄዳለን። ከዚያ ዳገቱ ብቻዬን ይከብደኛል ብላ እስከ በሬ ታደርሰኛለች። «ግቢና ሻይ ጠጪ እንጂ» ስላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ሸኚ እስከ ደጅ ነው፣ እትዬ።»

ብላ ትመለሳለች። ተራዬ ነው ብዬ እኔ ልሸኛት ብነሳ ግን በጭራሽ እሺ አትልም። አንድ ቀን መንገድ ላይ «አንቺ ደግሞ መሸኘት መቼም ትወጃለሽ» ብላት፣ «ሥራዬ ነበራ» አለችኝ።

ለካ አሥራ አንድ ዓመት አሯሯጭ ነበረች። አሯሯጭ ማለት በማራቶን ከፊት ሆኖ፣ ፍጥነቱን ጠብቆ፣ ነፋሱን በደረቱ ተቀብሎ ሌሎቹን የሚያመጣ ነው። ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ከመንገዱ ይወጣል። የቀረውን አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ለማሸነፍ የመጡት ይጨርሱታል። ካሜራ የጫነው ሞተር ብስክሌት ፊት ፊት ስለሚሄድ ወርቅውሃ በፎቶ ሁሉ አንደኛ ናት። በውጤቱ ዝርዝር ላይ ግን ስሟ አንድም ቦታ የለም።

«ጃፓንን አይቻለሁ፣ ጀርመንን አይቻለሁ» አለችኝ። «ግን ሁሉንም የማውቀው እስከ ሠላሳ ነው። ከሠላሳ በኋላ ወንዝ ይኑር ዳገት ይኑር አላውቅም። መጋረጃ ባለው መኪና ጭነው ወደ ሆቴል ይወስዱናል።»

እየሳቀች ነበር የነገረችኝ፤ እኔም ሳቅኩ። ያዘንኩት ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው።

ከሁሉም ከተሞች አንዷን ስሟን አትጠራትም፤ «ያቺኛዋ» ነው የምትላት። የግድግዳው ፎቶ የተነሳው እዚያ ነው። ሔሊና የምትባል የልምምድ ጓደኛዋን ልታሯሩጥ ነበር የተቀጠረችው። ሃያ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሔሊና ጎኗን ይዛ ቀረች። ወርቅውሃ ዞር ስትል የቅርቧ ተወዳዳሪ አርባ እርምጃ ያህል ኋላ ናት። «እትዬ፣ እግሬ እኮ ገና መሞቁ ነበር» ትላለች ይህን ስታወራ፤ እጇ ሳይታወቃት ጭኗን ይዳብሳል። ሠላሳው ላይ ማናጀሯ ቆሞ ሲጠብቃት አየችው። ውል ውል ነው ብላ ወጣች። ኋላ የነበረችው ሴት ሄዳ አሸነፈች፤ የጨረሰችበት ፍጥነት ደግሞ ወርቅውሃ በልምምድ ደጋግማ የሮጠችበት ፍጥነት ነው።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ደግ ነበር። ራት ላይ ማናጀሩ «ጉልበት ከነበረሽ ለምን አልቀጠልሽም?» አላት። ለካ አሯሯጭ መቀጠል ይችላል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ሰው አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? በዚያው ዓመት የተረከዟ ጅማት ተበጠሰና ሩጫው አበቃ። ከጊዜ በኋላ አማን የሚባል ነጋዴ አግብታ ካምፓላ መጣች፤ እሱ ጁባና ካምፓላ ሲመላለስ እሷ ሽሮ ታማስላለች።

አምና በነሐሴ ምግብ ቤቷ ተቀምጬ ሳለ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ወርቅውሃ እንግዳ ባለበት ስትቀመጥ አይቼ አላውቅም።

«እትዬ፣ በኅዳር የካምፓላን ማራቶን ልሮጥ ነው።»

«በአርባ አምስት ዓመትሽ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ልጄ።»

«ላሸንፍ አይደለም። ከሠላሳ በኋላ ያለውን አንድ ጊዜ ማየት እፈልጋለሁ። አሁን ካላየሁት እግሬ ከዚህ በላይ አይጠብቀኝም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጎህ ሲቀድ ከኪዋቱሌ እስከ ናጄራና ከዚያም ወዲያ ትሮጥ ጀመር። የቦዳ ነጂዎቹ መጀመሪያ ሳቁባት፤ በሳምንቱ ግን መንገድ ይለቁላት ነበር። ጥቅምት ላይ ፊቷ ጠቁሮ አገኘኋት። ሦስት ጊዜ ረጅሙን ርቀት ሞክራ፣ ሦስቱንም ጊዜ ልክ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሲሞላ እግሯ ራሱ ወደ መንገዱ ዳር ወጥቶ ቆመ።

«አልደከመኝም እኮ» አለችኝ። «እግሬ ነው የሚወጣው።»

«አመል ያወጣል ከመሀል» አልኳት።

«እንግዲያው ሠላሳው ላይ ይቁሙልኝ። ልወጣ ስል ይጩሁብኝ።»

ኪኩቦ ውስጥ ሃያ ዓመት በርበሬ የሸጥኩት በጩኸት ነው፤ ለሱ አልሰጋሁም።

የውድድሩ ዕለት እሑድ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና ቅዳሴውን ትቼ፣ ነጠላዬን እንደለበስኩ ካትዌ ሄድኩ። የሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ምልክት የተተከለው እሑድ እንኳ መዶሻ የማያርፍባቸው የብረት በር ሠሪዎች ፊት ለፊት ነበር። ሩጫው ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሯል። ሁለት ሰዓት ገደማ ዝናቡ ወረደ፤ የካምፓላ ዝናብ ደግሞ ሲመጣ አያስጠነቅቅም። ከብረት ሠሪዎቹ ቆርቆሮ ሥር ተጠግቼ የምጮኸውን ቃል እየተለማመድኩ ጠበቅኩ።

ከሩቅ በአሯሯጧ ለየኋት። ሌሎቹ እንደ ጆንያ ተሸክመውት የሚመጡትን ሰውነት እሷ ቀለል አድርጋ ታመጣዋለች። ከኋላዋ አምስት ስድስት ሰው ተከትሏታል፤ ሳታስበው እያሯሯጠቻቸው ነው። ግን ልብሷ በላይዋ ተጣብቆ፣ ውሃው ከአገጯ ይንጠባጠባል። እኔም ወጥቼ ባለ በሌለ ድምፄ «ቀጥዪ! ቀጥዪ ወርቄ!» አልኩ።

እጄ ግን ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። ሰው ረጥቦ ሲመጣ እያየ እጁን አጣጥፎ የሚቆም ሐበሻ ካለ አሳዩኝ። ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ፣ በሁለት እጄ ዘርግቼ ይዤላት ነበር።

አየችው። ዓይኗ እኔን አላየም፤ ነጠላውን ነው ያየው። ቀኝ እግሯ ታጠፈ፣ ከመስመሩ ወጣች፣ መጥታ ነጠላው ውስጥ ገባች። ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ሞኟም አቀፍኳት። ከኋላዋ የነበሩት ሰዎች አልፈውን ሲሄዱ የጫማቸው ድምፅ ነው ያነቃት። ቀና ብላ መንገዱን አየች።

«ደረስኩ ብዬ እኮ ነው» አለች።

ከብረት ሠሪዎቹ አንዱ ወንበር አመጣልንና ተቀመጠች። ያልነገረችኝን ያን ጊዜ ነገረችኝ። ሠላሳው ላይ ሁልጊዜ የብርድ ልብስ ዘርግቶ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ አሯሯጭ ሥራው ማለቁን የሚያውቀው በሱ ነው። ያቺኛዋ ከተማ ላይም ማናጀሯ እጁን አላወናጨፈም፣ ቃል አልተናገረም። የብርድ ልብስ ዘርግቶ ቆሞ ነበር፤ እሱም ብርድ እንዳይመታት አስቦ ነው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሦስት ወር ጎህ ሲቀድ የሮጠችውን በአንድ ነጠላ አጠፋሁባት።

«ተመለሽ» አልኳት። «ማን አየሽ?»

«እግሬ ቀዘቀዘ፣ እትዬ። ጅማቴም ተይዟል። አሁን ብሮጥ ይበጠሳል።» ፊቷን በነጠላዬ ጠረገች። «ቦዳ ይጥሩልን፣ ምሳ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ።»

እኔን ላለማሳዘን ብላ እንደምትፈግግ ገባኝ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቦዳው መጣ። «ሴንተ ሜካ?» ብዬ ዋጋውን ጠየቅኩ፤ መልሱን እንኳ ሳልሰማ ግን ነጂውን ሰደድኩት።

«ተነሺ» አልኳት።

«ወዴት?»

«ልሸኝሽ።»

«እትዬ፣ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር እኮ ነው።»

«አንቺ እኔን ዳገት ለዳገት ስትሸኚኝ ኪሎ ሜትር ቆጥሬብሻለሁ? ዛሬ ተራዬ ነው። ተነሺ።»

በሕይወቷ እሺ ስትል ያየኋት ያን ቀን ነው። ነጠላዬን እንደለበሰች፣ እኔ በቤተ ክርስቲያን ጫማዬ፣ እሷ ትንሽ እያነከሰች፣ የሯጮቹን መንገድ ዳሩን ይዘን ሄድን። ሠላሳ አንደኛው ምልክት ጋ ስትደርስ ቆመችና በእጇ ነካችው። ሠላሳ ሁለተኛውንም ነካችው። ግራ ቀኙን፣ ሱቁን፣ ቦዩን፣ ከአጥር በላይ የሚታየውን የሙዝ ቅጠል ሁሉ ታያለች። ሠላሳ አምስተኛው ላይ እንቁላል በቻፓቲ ቂጣ የሚጠቀልል የሮሌክስ ሻጭ አገኘንና ቆመን በላን። «እዚህ ቦታ ላይ ነው ያቺ ሴት ያመለጠችው ማለት ነው» አለች፤ ያቺኛዋ ከተማ ላይ ስላሸነፈችው ሴት ነው። «ከተፎካካሪዋ ተለይታ የወጣችው ሠላሳ አምስት ላይ ነው አሉ።» ከዚያ ሮሌክሱን አልጨረሰችውም።

ከሠላሳ ስምንት በኋላ ምልክቶቹን ሰብስበዋቸዋል። እግሬ አብጦ ጫማዬን በእጄ ይዣለሁ። ኮሎሎ ሜዳ ስንደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል። ድንኳኖቹ እየተነቀሉ ነው፤ በአየር የተነፋው የፍጻሜ በር ግን ገና አልፈረሰም። ሃያ እርምጃ ሲቀረን ቆምኩ።

«ሂጂ» አልኳት።

«አብረን እንግባ እንጂ።»

«ሸኚ እስከ ደጅ ነው።»

ነጠላዬን ከትከሻዋ አውርዳ፣ አጥፋ ሰጠችኝ። ሃያዋን እርምጃ ሮጠች፤ እያነከሰች ቢሆንም ሮጠች። ያጨበጨበላት የለም፤ ገመድ የሚጠቀልል ሰውዬ ቀና ብሎ አይቷት ወደ ገመዱ ተመለሰ። እኔ ስልኬን አውጥቼ አነሳኋት። መስመሩን አልፋ ጥቂት ሄደችና ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ቆመች። ፊቷን በመዳፏ ስትሸፍን አየሁ፤ ሄጄ ላቅፋት ፈልጌ ነጠላው እጄ ላይ ስለነበር ፈራሁ።

በታክሲ ስንመለስ ንቲንዳ እስክንደርስ በመስኮቱ መንገዱን ታይ ነበር። ከዚያ «የካምፓላን አየሁት» አለች። «ደህና ነው፤ ዳገት ይበዛዋል።»

«ይበዛዋል።»

«የዚያችኛዋ ግን ቀረ።»

ነጋዴ ነኝ፣ መዋሸት አያቅተኝም። «ቀረ» አልኳት ግን፤ እጇን ያዝኩ።

ያነሳሁት ፎቶ አሁን ከትልቁ ጎን ተሰቅሏል። ግማሹን አውራ ጣቴ ሸፍኖታል፤ የሚታየው ጀርባዋ ነው። «ይህቺስ ማን ናት?» ሲሏት «እኔ ነኝ» ትላለች፤ እስከ ስንት እንደሆነ አትጨምርም። ምሳ በልቶ ሰው ሲወጣና ቤቱ ባዶ ሲሆን ግን ቆማ የምታየው ትልቁን ነው። ፎቶው ከፊት የተነሳ ስለሆነ የሚታየው ያለፈችው መንገድ ነው፤ የቀራት መንገድ ፎቶው ውስጥ የለም። እሷ ግን ያን መንገድ ታየዋለች፤ እኔም ሽሮው እየገነፈለ እንኳ አልጠራትም።